ወረፋው ይቅርና ዕጣው ይውጣ

ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. ዋሊያዎቹ ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ለማለፍ ናይጄሪያን አዲስ አበባ ላይ የገጠሙበት ዕለት ነው። ወደ 35 ሺህ ሰው በሚይዘው ስታዲየም ዙሪያ ሌሊቱን በሰልፍ ያደረው ሕዝብ ብዙ ነበር። ውጤቱን አንባቢ ያውቀዋል፤ በኃይሉ አሰፋ ቀዳሚ ያደረገን ጨዋታ በኢማኑኤል ኢመኒኬ ሁለት ጎሎች 2 ለ 1 ተጠናቀቀ። የእኔ ጠብ ግን ከኢመኒኬ ጋር አይደለም፤ ከሰልፉ ጋር ነው።

ለመሆኑ «ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይስተናገድ» የሚለውን ነገር ፍትሕ ነው ያለን ማነው? እስቲ ለአፍታ ጀሞ ወይም ሃና ማርያም ላይ እንቁም። ከዚያ ተነስቶ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ስታዲየም በር ላይ የሚገኘው ማነው? ኮንትራት ታክሲ የሚከፍል፣ ወይም በማግስቱ የሚጠብቀው ሥራ የሌለው፣ ወይም ጎረምሳ። ሳሪስ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ የሌሊት ፈረቃ የገባችውን እናትስ? «አስፋልት ላይ አድረሽ ትኬት ቁረጪ» ማለት በአማርኛ «አትምጪ» ማለት ነው። ሰልፍ ደግሞ ብቻውን ተሰልፎ አያውቅም። ቦታ ያዡ አለ፤ «ወንድሜ ነው» እያለ አምስት ሰው የሚያስገባው አለ፤ ጠዋት ገዝቶ ከሰዓት በእጥፍ የሚቸበችበው አለ።

ዋጋውን አስወድዱትና ሰልፉ ይጠፋል የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ ይጠፋል፤ ከሰልፉ ጋር ጨፋሪውም ይጠፋል።

እኔ ዕጣ ይውጣ ባይ ነኝ። «ዕጣማ ቁማር ነው» ይሉኛል። ቁማርተኛ የጓደኛውን ገንዘብ ሊበላ ነው የሚቀመጠው፤ ዕጣ ውስጥ ግን የማንም ኪስ አይራገፍም። ሐዋርያት በይሁዳ ቦታ ማትያስን የተኩት በዕጣ ነው፤ ቁማርተኞች ነበሩ እንዴ? ሩቅም አንሂድ። እኔ እቁብ በምጥልበት ቤት ቡና ተፈልቶ፣ ወረቀቱ ሁሉም እያየ ይጠቀለልና አንድ ሕፃን ጠርተን እናስወጣለን። ያልደረሰው «ዛሬም ገዴ አልቀና» ብሎ ይስቃል እንጂ ዳኛውን አይጠረጥርም። እንግሊዞችም የዊምብልደንን ቴኒስ ወንበር ከ1924 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዕጣ ሲያድሉ ኖረዋል።

እዚህ ላይ ተቃዋሚዬ እጁን ያወጣል፤ ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም.ን ረሳኸው ወይ? አልረሳሁም። የ25,791 የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ በኮምፒዩተር ወጣ፤ ሰው ተቃቅፎ አለቀሰ፤ በቀናት ውስጥ የከተማው አስተዳደር ብቁ ያልሆኑ ሰዎች በመረጃው ውስጥ ገብተው ተገኙ ብሎ ሰረዘው። እንደገና የወጣው በኅዳር 2015 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያው «ደረሰህ» ተብሎ በሁለተኛው ያልደረሰውን ሰው ምን ብለው ያጽናኑታል? ግን ጥፋቱ የዕጣ ነው? አይደለም። የተበላሸው ከዕጣው በፊት የነበረው ስም ዝርዝር ነው። እቁብ ቤት ስኒው ውስጥ ስንት ወረቀት እንዳለ ሕፃኑም ይቆጥረዋል፤ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለውን ማን ቆጠረው?

የስታዲየም ወንበር ከቤት ጋር አይወዳደርም፤ ሥርዓቱን ለመልመድ ግን የተሻለ ነገር የለም። ከ60 ሺህ በላይ ሰው እንዲይዝ የታቀደው አደይ አበባ ስታዲየም እንኳ እንደ ናይጄሪያው ላለ ጨዋታ አይበቃም። ስለዚህ ፈላጊው ከነመታወቂያ ቁጥሩ ይመዝገብ፤ ለአንድ ሰው አንድ ወንበር። ዝርዝሩ ዕጣው ከመውጣቱ በፊት ይለጠፍና «ይህ ስም ሁለቴ ገብቷል» የሚል ካለ ይናገር። ለክብር እንግዶችና ለየመሥሪያ ቤቱ የተያዘው ወንበር ስንት እንደሆነም አብሮ ይነገረን፤ ሕዝቡን የሚያበግነው ከዕጣው ይልቅ ዕጣ ውስጥ ያልገባው ወንበር ነውና። አንዴ የከሸፈበት ሰው በሚቀጥለው ጨዋታ ሁለት ወረቀት ይጣልለት።

ዊምብልደንም ቢሆን ሰልፍን ጨርሶ አላስቀረም፤ ለተሰላፊው ቀንና ተራ ቁጥር ያለበት፣ ለሌላ የማይተላለፍ ካርድ ይሰጣል። እኛም ጥቂት ወንበር ለዕለቱ ሰልፈኛ እንተው። በር ላይ ማደር ደስ የሚለው ጎረምሳም አይከፋው።