የሚመክር ብቻ ሳይሆን የሚደመጥ ኅብረት

በ2017 የትምህርት ዘመን በአክሱም ሒጃብ የለበሱ እኅቶቻችን ከትምህርት ገበታ ሲከለከሉ ጉዳዩ እስከ ፍርድ ቤት ደርሶ ክልከላው ለጊዜው እንዲታገድ ታዘዘ። ከዚያ በፊት ግን ከ150 በላይ ተማሪዎች ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና መመዝገብ እንዳልቻሉ የትግራይ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት አስታውቆ ነበር። ፍርድ ቤት ቢፈርድም ያለፈን የትምህርት ጊዜ መመለስ አይችልም።

ጥያቄያችን እዚህ ላይ ነው፦ ችግሩ ገና በትምህርት ቤቱ በር ላይ ሳለ መፍታት የነበረበት ማን ነው?

በየትምህርት ቤቱ በተለምዶ ወመህ የምንለው የወላጅና የመምህራን ኅብረት አለ። በማስተማር ሥራ ላይ በነበርንባቸው ዓመታት ግን የኅብረቱ አጀንዳ በአብዛኛው የአጥር ጥገናና መዋጮ ነበር። የሒጃብ ወይም የሶላት ጥያቄ ሲነሳ «ከበላይ የመጣ መመሪያ ነው» ተብሎ ይዘጋል።

ትምህርት ቤቶች የሚጠቅሱት የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 90 ነው፤ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ይሁን ይላል። አንቀጽ 27 ደግሞ ሃይማኖትን የመግለጽ መብት ሊገደብ የሚችለው በሕግና አስፈላጊ በሆነ ምክንያት ብቻ መሆኑን ይደነግጋል። በእኛ እምነት ልጅቷ ሒጃብ መልበሷ ትምህርቱን ሃይማኖታዊ አያደርገውም። ይህን ተቀምጦ መነጋገር የወመህ ድርሻ ነው። የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን አቤቱታ ሊመረምር ይችላል፤ በየትምህርት ቤቱ በር ላይ ግን ሊቆም አይችልም።

ሆኖም ወኪል መምረጥ ብቻውን አይበቃም። ጥያቄያችንን እንዲያቀርቡ የመረጥናቸው የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት በሐምሌ 2004 ታስረው በኋላም በፀረ ሽብር ሕጉ መከሰሳቸውን አንረሳም። ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አባላቱን ርእሰ መምህሩ ሳይሆን ወላጅ ይምረጥ። ምክራቸው በቃለ ጉባኤ ሰፍሮ በተወሰነ ቀን የጽሑፍ መልስ ያግኝ። በተናገሩት ምክንያት ማንም አይጠቃ።

እኛም ራሳችንን እንጠይቅ። ቁርኣን ሹራ የተሰኘ ሙሉ ሱራ አለው፤ የወላጆች ስብሰባ ሲጠራ ግን ስንቶቻችን እንገኛለን? ወንበሩን ባዶ ትተን ስለ ውሳኔው ብቻ ብናማርር አማናችንን አልተወጣንም። በሚቀጥለው ምርጫ እንገኝ፤ እኅቶቻችንና እናቶችም ይመረጡ። ጉዳዩ በቀጥታ የሚነካው እነርሱን ነውና።