መርከቡ ከመሠራቱ በፊት ውሉ ይመርመር

ሞያሌ ከባሕር የራቀች ከተማ ናት። ከሞምባሳ ወደብ ተነሥቶ በናይሮቢና በማርሳቢት በኩል በሚመጣው አውራ ጐዳና የሚደርሳትን ሸቀጥ የሚሸጠው ነጋዴ መርከብን በዓይኑ አይቶ ላያውቅ ይችላል። ይሁን እንጂ መርከብ ለማሠራት በመንግሥት ስም የሚፈረመው ውል የእርሱም ጉዳይ ነው፤ ውሉ ቢበላሽ ዕዳውን በግብሩ የሚከፍለው እርሱ ነውና።

ለዚህ ምስክር የሚሆነን የኬንያ ባሕር ኃይል መርከብ የ«ጃሲሪ» ታሪክ ነው። ስሙ በስዋሂሊ ቋንቋ «ደፋር» ማለት የሆነው ይህ መርከብ በ4.1 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ እንዲሠራ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2003 ውል ተፈረመለት፤ ሥራውም በእስፓኝ አገር ተከናወነ። ዳሩ ግን ውሉ «አንግሎ ሊዚንግ» በሚል ስም ከሚታወቁት አጠያያቂ ውሎች እንደ አንዱ ስለ ተቆጠረ ክፍያው ታገደ፤ መርከቡም በባዕድ አገር ወደብ ብዙ ዓመታት አሳልፎ ሞምባሳ የደረሰው በ2012 ነው። ባሕሩን ይጠብቅ ዘንድ የታዘዘው መርከብ ራሱ ሲጠበቅ 9 ዓመት ሞላው።

ከድንበሩ ማዶ ያለው የሞያሌ ነዋሪም ከዚህ ነገር ውጭ አይደለም። ኢትዮጵያ በቻይና ብድር 7 የደረቅ ጭነትና 2 የነዳጅ፣ በጠቅላላው 9 መርከቦች አሠርታ ከ2012 እስከ 2014 ባሉት ዓመታት ተረክባለች። እነዚህስ ገብተው ጭነት አመላልሰዋል። ነገር ግን መርከብ ቢዘገይ የብድር ወለድ አብሮት የማይዘገይ መሆኑን ሁለቱም አገሮች ሊዘነጉት አይገባም።

የመርከብ ሥራ ውል አደጋው ከምን ይመጣል? ገዢው ብዙውን ጊዜ ዋጋውን የሚከፍለው ከፋፍሎ ነው፤ ይኸውም ውሉ ሲፈረም፣ ብረቱ መቆረጥ ሲጀምር፣ መሠረቱ ሲዘረጋ፣ መርከቡ ወደ ውሃ ሲወርድና በመጨረሻ ርክክብ ሲደረግ ነው። መርከቡ ግን በተለመደው የውል አጻጻፍ እስከ ርክክቡ ቀን ድረስ የሠሪው ንብረት ሆኖ ይቆያል። እንግዲህ ሠሪው በመካከል ቢከስር፣ የተከፈለውን ገንዘብ የሚመልስ የታመነ ባንክ ዋስትና ያልያዘ ገዢ፣ ገንዘቡንም መርከቡንም ያጣል።

ሁለተኛው አደጋ በቃላት ውስጥ የተሸሸገ ነው። በ1960 የታወጀው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ተዋዋዮቹ በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ በቀር፣ በባለዕዳው በራሱ ፋብሪካ የተነሣን የሥራ ማቆም አድማ ወይም የጥሬ ዕቃ ዋጋ መወደድን ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል አድርጎ አይቈጥረውም። በዓለም ገበያ የተለመዱት የመርከብ ሥራ ውሎች ግን በአብዛኛው በእንግሊዝ ሕግ የሚዳኙ ናቸው፤ አድማንም መዘግየትን ከሚፈቅዱት ምክንያቶች መካከል ሲዘረዝሩት ይታያል። ስለዚህ የአገሩን ሕግ ተማምኖ የባዕዱን ውል የሚፈርም ሹም፣ ያልሰጠውን የመሰለውን ምሕረት ለሠሪው በፊርማው ይሰጠዋል።

ውልን በጥብቅ መመርመር ሥራ ያጓትታል የሚሉ አይጠፉም። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ከፊርማ በፊት የሚባክን አንድ ወር ከፊርማ በኋላ ከሚባክን 9 ዓመት እጅግ ይረክሳል። ክፍያን ማገድም ብቻውን መድኃኒት አይሆንም፤ የተፈረመ ውል በጥርጣሬ ብቻ አይፈርስምና።

ስለሆነም በሕዝብ ስም የሚፈርሙ ሁሉ ሦስት ነገር እንዲያደርጉ እናሳስባለን። አንደኛ፣ ውሉ ከመፈረሙ አስቀድሞ ሹማምንቱ በሚገባቸው ቋንቋ በሙሉ ተተርጉሞ በሕግ ዐዋቂ ይመርመር። ሁለተኛ፣ የባንኩ ዋስትና ሳይጨበጥ የመጀመሪያው ክፍያ አይለቀቅ። ሦስተኛ፣ መዘግየት በየቀኑ የሚያስከፍለው ካሣና ገዢው ውሉን ሊሰርዝ የሚችልበት ቀን በቍጥር ይጻፍ። ዋጋውና የርክክቡ ቀንም ለሕዝብ ይገለጥ። የሞያሌው ነጋዴ ከባሕር ቢርቅም፣ ገንዘቡ የት እንደ ደረሰ የመጠየቅ መብት አለው።