ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ አይሁን

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላሉ አበው። ተረቱ የተነገረው ስለ ሐሜት ነው፤ ሰው ከኋላው የሚባለውን አይሰማምና። ዛሬ ግን ሌላ ፍቺ ያገኘ ይመስላል። ሁለት ጆሮውን በማዳመጫ ወትፎ በሞተር ብስክሌት የሚከንፈውን ወጣት ባየሁ ቁጥር፣ ከኋላው የሚባለውን ብቻ ሳይሆን ከኋላው የሚመጣበትንም እንደማይሰማ አስባለሁ።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በአንድ የቡና ስብስብ ላይ የተነሣ ክርክር ነው። አንድ ወዳጃችን ለመንገድና ለሥራ የምትሆነው ትንሽ የሙዚቃ ማጫወቻ ሊገዛ እንዳሰበ ነገረን። ከመካከላችን ሞተረኛ የሆነ ወጣት ሳቀና «ጋሼ፣ ስልክ እያለ ማጫወቻ መግዛት እኮ በመብራት ዘመን ኩራዝ መግዛት ነው» አለው። ሁላችንም ሳቅን። እቤቴ ስገባ ግን ሳቄ ቆጨኝ። በካርቱም ኩራዝ ስንት ሌሊት እንዳበራልን የማያስታውስ ማን አለ?

አቋሜን ከመነሻው ልናገር። ለዕለት ኑሯችን ከስልክ የተለየ፣ ርካሽና ሚሞሪ ካርድ የሚጎርስ ማጫወቻ ያስፈልገናል። በሚሮጥ ሞተር ላይ ግን የትኛውም ማጫወቻ፣ ውድም ይሁን ርካሽ፣ በጆሯችን ውስጥ ቦታ የለውም። ለሁለቱም ምክንያቴን አቀርባለሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ፣ ጉዳዩ የዕቃ ምርጫ ብቻ አለመሆኑን እናስተውል። በመተማና በገዳሪፍ በኩል ወደዚህች አገር የገባው ወገናችን ከጨርቁ ጋር ካሴት ይዞ ነበር የመጣው። ሶኒ ዎክማንን ለገበያ ያቀረበው በ1979 ነው፤ በሁለት የባትሪ ድንጋይ የምትሠራ፣ በቀበቶ የምትንጠለጠል ዕቃ ነበረች። እንዲህ ያለች ማጫወቻ ለስደተኛ ቅንጦት አልነበረችም። በ1996 የወጣው የካርቱም የሥነ ሥርዓት ሕግ የሙዚቃ ግብዣን በፈቃድና በሰዓት አስሮ በነበረበት ዘመን፣ ማንንም ሳይረብሹና ማንንም ሳይፈሩ ጥላሁን ገሠሠን ማዳመጫው መንገድ እርሷ ነበረች። ሕጉ በ2019 ተሽሯል፤ ልማዱ ግን አልቀረም። ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እኅታችን ከቀኑ ድካም በኋላ የራሷ የሆነ ነገር ቢኖራት በጆሮዋ የሚንቆረቆረው ዜማ ነው። መሐመድ ወርዲንና ሰይድ ኸሊፋን ያፈራችው ሱዳንም በዚህ ትረዳናለች፤ በአምስት ድምፅ የተቃኘው ዜማዋ ለእኛ ጆሮ ባዕድ አይደለምና።

እንግዲህ ወደ ወጣቱ ክርክር ልመለስ። «ስልክ ሁሉንም ይሠራል» ይላል። እውነት ነው፤ ሁሉንም ይሠራል። ስለዚህም ሲጠፋ ሁሉም አብሮት ይጠፋል። ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት፣ በ2021 እና በ2022፣ በካርቱም ጎዳናዎች «ተስዓ ጠዊላ» የሚባሉት በሞተር እየመጡ ከመንገደኛ እጅ ስልክ ይመነትፉ እንደነበር እናውቃለን። ዘፈን ለመቀየር ከኪሱ ስልክ የሚያወጣ ሰው ንብረቱን ለሌባ እያሳየ ነው። ከስልኩ ጋር የሚሄደው የእናቱ ቁጥር ነው፤ የልጆቹ ፎቶግራፍ ነው፤ የባንክ ሒሳቡ ነው። ርካሽ ማጫወቻ ቢነጠቅ የሚነጠቀው ማጫወቻ ብቻ ነው።

ሁለተኛም፣ ዛሬ በስልክ የሚደመጠው ዘፈን አብዛኛውን ጊዜ በስልኩ ውስጥ አይገኝም፤ በኢንተርኔት የሚመጣና የሚሄድ እንግዳ ነው። ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ካርቱም ላይ ሲፈነዳ፣ ከዚያም በፌብሩዋሪ 2024 የስልክና የኢንተርኔት መስመር በአብዛኛው የሱዳን ክፍል ሲቋረጥ፣ ያ እንግዳ ደጃፍ ላይ ቀረ። በዚያ ሰዓት የስልክ ባትሪ የነፍስ ጉዳይ ነበር፤ ስንቱ ዘመዱን ለማግኘት አንዲት የባትሪ መስመር ቆጥቧል! ያንን ባትሪ ለዘፈን ማዋል ውኃ በጠፋበት ቀን እግር መታጠብ ነው። በካርድ ላይ የተቀዳ ዘፈን ግን መስመር አይለምንም፤ ወርኃዊ ክፍያም አይጠይቅም። ከ1997 እስከ 2017 በሱዳን ላይ ተጥሎ የቆየው የአሜሪካ የንግድ ማዕቀብ፣ በባሕር ማዶ ኩባንያ ቁልፍ የሚከፈት ነገር የእኛ እንዳልሆነ አስተምሮን ማለፍ ነበረበት።

«እንግዲያውስ ስመ ጥሩውን እገዛለሁ» የሚል ደግሞ አለ። በስም የሚገዛ ሰው የአይፖድን ታሪክ ይመልከት። አፕል በ2001 ሲያወጣው የ5 ጊጋባይት ዲስክ ነበረው፤ «1,000 ዘፈን በኪስህ» ተብሎም ተወራለት። ነገር ግን ካርድ መጨመሪያ ቀዳዳ አልነበረውም፤ ባትሪውም ተጠቃሚው በቀላሉ እንዳይቀይረው ተደፍኖ ነበር፤ ዘፈን ለማስገባትም የራሱን ፕሮግራም ይጠይቅ ነበር። በ2022 ኩባንያው የአይፖድን ሥራ ጨርሶ አቆመ። ዕቃው መልካም ነበር፤ ግን የተሠራው መብራት፣ ኮምፒዩተርና ጥገና በየደጁ ለሚገኝለት ሰው ነበር።

ስልክም ቢሆን የሞተር ጓደኛ አይደለም። ይኸው ኩባንያ በ2021 ባወጣው ማሳሰቢያ፣ የትልልቅ ሞተር ብስክሌቶች ንዝረት በመሪው ላይ የታሰረ አይፎንን ካሜራ ሊጎዳ እንደሚችል ገልጿል። ሙቀትም አለ። አይፎን እንዲሠራበት የተመከረው የአየር ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አይበልጥም፤ የካርቱም ሜይና ጁን ግን 40ን ሲያልፍ የምንደነቅ አይደለንም።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር፣ ወደ ሞተሩ እንድረስ። ብዙ ሰው የሞተረኛ ጆሮ የሚጎዳው በሞተሩ ጩኸት ይመስለዋል። የሚበልጠው ጠላት ነፋስ ነው። በሰዓት 65 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጓዝ ሞተረኛ፣ ሄልሜት አድርጎም ቢሆን፣ በጆሮው ዙሪያ 90 ዴሲቤል የሚጠጋ የነፋስ ድምፅ ይሰማል፤ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ሲቃረብ ድምፁም ወደ 100 ዴሲቤል ይቃረባል። የሥራ ጤና ባለሙያዎች የሚመክሩት ልክ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ በ94 ላይ 1 ሰዓት፣ በ100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። እንግዲህ ሞተረኛው ዘፈኑን ለመስማት ድምፁን ከነፋሱ በላይ ማድረግ አለበት። ነፋሱ ብቻውን የሚጎዳውን ጆሮ፣ እርሱ በገዛ እጁ ሌላ ጩኸት ይጨምርበታል። ይህ ጉዳት አይደማም፤ አያቆስልም። በጆሮ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት አንድ ጊዜ ከሞቱ ግን ተመልሰው አይበቅሉም። ዘፈን ወዳድ የሆነ ሰው በዘፈን ምክንያት ዘፈን የማይሰማ ይሆናል!

«ባለ መኪናውስ ሬዲዮ እየሰማ ይነዳ የለም ወይ?» ይሉኛል። ይነዳል፤ ነገር ግን ባለ መኪናው በብረት ቤት ውስጥ ተቀምጧል፤ ጆሮውም አልተደፈነም። ሞተረኛው ብረቱ ራሱ ነው። ከኋላ የሚመጣ የጭነት መኪና ጥሩምባ፣ በጎን የሚያቋርጥ ራክሻ፣ የራሱ ሰንሰለት መንኳኳት ለእርሱ እንደ ዓይን ናቸው። «የውጭ ድምፅ የሚያጠፋ ማዳመጫ አለኝ» የሚለውም አልመለሰልኝም። የነፋሱን ጉምጉምታ ሊቀንስለት ይችላል፤ ግን በቦታው የሚተካው ዘፈን ነው፤ የሐሳቡንም እኩሌታ ይወስድበታል። ለነፋሱ መፍትሔው ርካሽ ነው፤ ከለስላሳ ስፖንጅ የተሠራ የጆሮ መድፈኛ። እርሱ የድምፁን ሁሉ ኃይል ዝቅ ያደርጋል እንጂ ሌላ ድምፅ አይጨምርም፤ ጥሩምባውም ይሰማል። ሞተር ላይ ዘፈን የማይቀርበት ሰው ካለ፣ ሞተሩን አቁሞ፣ ከጥላ ሥር ሆኖ፣ ዘፈኑን ጨርሶ ይነሣ። ሻይ የሚያፈሉት እኅቶቻችን በየጥጉ ያሉት ለዚህም ይመስለኛል።

ታዲያ ማጫወቻ የሚገዛ ሰው ምን ይመልከት? አንደኛ፣ ቁልፎቹ በጣት የሚዳሰሱ ይሁኑ፤ ከኪስ ሳይወጣ ዘፈን የሚቀየርበትን ይምረጥ። ሁለተኛ፣ ካርድ የሚቀበል ይሁን። በተለመደው የኤምፒ3 ጥራት አንድ ደቂቃ ወደ 1 ሜጋባይት ይወስዳል፤ የ5 ደቂቃ ዘፈን 5 ሜጋባይት ነውና በ32 ጊጋባይት ካርድ ከ6,000 በላይ ዘፈን ይገባል። ሦስተኛ፣ ባትሪው የሚቀየር፣ አለዚያም በየሱቁ በሚገኝ ገመድ የሚሞላ ይሁን። አራተኛ፣ ሬዲዮ ቢኖረው አይጠላም፤ መስመር ሲጠፋ ወሬ የሚያመጣው እርሱ ነውና። አምስተኛ፣ የማዳመጫው መሰኪያ የተለመደው ክቡ ይሁን፤ ማዳመጫ ቶሎ ይበጠሳል፣ ምትኩም በቀላሉ መገኘት አለበት። በሣጥኑ ላይ ለተጻፈው ሌላ ውዳሴ ሁሉ ገንዘብ አይክፈል።

ከሁሉ በላይ ግን ዘፈኖቹን በሁለት ካርድ ይቅዳ፤ አንዱን ለራሱ፣ አንዱን ለዘመድ። ከኤፕሪል 2023 በኋላ ቤታችንን ጥለን ስንበተን፣ በየመሳቢያው የቀሩት ካሴቶችና ሲዲዎች የት ደረሱ? በማርች 2025 ጦር ሠራዊቱ ከተማይቱን መልሶ ከያዘ በኋላ ወደ ደጃፉ የተመለሰ ሰው፣ የሠርጉን ዘፈን የቀዳበትን ካሴት ከፍርስራሽ ውስጥ ቢፈልግ ማን ይፈርድበታል? በጥፍር የምታህል ካርድ ያን ሁሉ ይዛ በቀሚስ ጫፍ ተቋጥራ ድንበር ልታልፍ ትችል ነበር።

ለዚያ ሞተረኛ ወንድሜም የምለው አለኝ። ኩራዝ ያልከውን ማጫወቻ ግዛ፤ ሥራህን ስትጨርስ ለኩሰው። ሞተርህ ላይ ስትወጣ ግን ጆሮህን ለመንገዱ ተወው። ዘፈኑ ይጠብቅሃል፤ የጭነት መኪናው ግን አይጠብቅህም።