ሰባት ቤት የማይቆጥር አንበሳ

እ.ኤ.አ. በ2016 መግቢያ የአልጣሽ አንበሶች «ተገኙ» የሚል ዜና ዓለምን ዞረ። ቃሉ ራሱ ቅር ያሰኛል፤ ለቋራ ገበሬና ለገዳሪፍ ከብት አርቢ አንበሳው መቼ ጠፍቶበት ያውቃል? የባሰው ግን ዜናው ያመጣው መዘናጋት ነው። በዲንደርና በአልጣሽ በጠቅላላው ከ100 እስከ 200 አንበሶች ሊኖሩ እንደሚችሉ ሲገመት፣ «እንግዲያው ዘራቸው ተረፈ» ያሉ አልጠፉም።

ይህ አባባል ቁጥርን ከዘር ጤና ጋር ያምታታል። ከአንበሳ መንጋ ዘሩን የሚያወርሱት ወንዶች ጥቂቶች ናቸው፤ ስለዚህ ዘር የሚያስተላልፈው ቁጥር ከሚቆጠረው ራስ እጅግ ያንሳል። መንጋው በአንድ ስፍራ ታጥሮ ከቀረ ወንድም ከእኅት፣ አባት ከልጅ ይዳቀላል፤ በየትውልዱ የሚጠፋው የዘር ልዩነትም በኋላ ቁጥሩ ቢበዛ እንኳ በቀላሉ አይመለስም። ሰባት ቤት ቆጥሮ ለሚጋባ ሕዝብ ይህን ማስረዳት ባላስፈለገ ነበር። አንበሳ ሰባት ቤት አይቆጥርም፤ የሚቆጥርለት መንገዱ ነው። ጎረምሳው ከተወለደበት መንጋ ተባሮ ርቆ ይሄዳል፤ ከባዕድ መንጋ ይቀላቀላል። መንገዱ ሲዘጋ ዝምድናው እየተከማቸ ይሄዳል።

ይህ ወዴት እንደሚያደርስ ታይቷል። በፍሎሪዳ ተነጥሎ የቀረው ፑማ ጅራቱ ተቆልምሞ፣ ልቡ ታሞ፣ ወንዱም ወደ መምከን ተቃርቦ ነበር፤ ያንሰራራው በ1995 ከቴክሳስ 8 እንስቶች መጥተው ከተቀላቀሉት በኋላ ነው። በፒሬኔ ተራሮች ደግሞ በ1996 እና በ1997 ከስሎቬኒያ 3 ድቦች ቢመጡም፣ ፒሮስ የተባለው አንዱ ወንድ የአብዛኞቹ ግልገሎች አባት ሆነና መድኃኒቱ ራሱ ሌላ ዝምድና ወለደ።

«የአዲስ አበባው የአንበሳ ግቢ አለን» የሚለው መጽናኛም አያዋጣም። በ2012 የወጣ ጥናት በግቢው የነበሩ 15 አንበሶችን መርምሮ ዘረ መላቸው ከሌሎች የተለየ መሆኑን አሳይቷል፤ መሥራቾቻቸው ግን 7 ብቻ እንደ ነበሩ ይነገራል። ከሰባት የተገኘ ዘር ምን ያህል ይሰፋል?

ዲንደር ከ1935፣ አልጣሽ ከ2006 ጀምሮ ፓርክ ናቸው። የዲንደርና የረሃድ ወንዞች ከኢትዮጵያ ደጋ ወርደው ድንበሩን ሳይጠይቁ ያልፋሉ፤ አንበሳውም እንዲሁ። ሰው ግን ሁለት መዝገብ ከፈተለት። በዙሪያው የገዳሪፍ ሰፋፊ የማሽላና የሰሊጥ እርሻ ይገፋል፤ የግጦሽ መንገዱ የታረሰበት ከብት ወደ ፓርኩ ይገባል፤ ዛፉ ለከሰል ይቆረጣል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው ለምሳሌ ነበር፤ እዚህ ቃል በቃል ሆነ።

«ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ ሰው ባለቀበት ሱዳን ስለ አንበሳ ማውራት ቅብጠት ነው» የሚል ይኖራል። ተፈናቃይ ሲቀበል ለኖረው ለገዳሪፍ ይህ ቀላል ተቃውሞ አይደለም። ነገር ግን የቀን ሠራተኛው እንጀራ ይነጠቅ ያለ የለም። የሚጠየቀው የትልልቅ እርሻ ፈቃድ ሁለቱን ፓርኮች የሚያገናኘውን ዱር እንዳይነካ፣ አንበሳውም በሁለቱም አገር በአንድ ወቅትና በአንድ ዘዴ እንዲቆጠር፣ ጠጉሩና ዓይነ ምድሩ ከሁለቱም ወገን ተሰብስቦ በአንድ ቤተ ሙከራ እንዲመረመር ነው።