መርዝና ማርከሻው ለእኛ ቅንጦት ነውን?

ባለፈው የክርክር ምሽት አንድ የሕግ ተማሪ ወንድማችን ተነሥቶ «ሕዝባችን በሳል ሲሠቃይ የሳይንስ ተማሪዎቻችን በዓይን ስለማይታይ ፕሮቲን ይጨነቃሉ» ቢል አዳራሹ አጨበጨበለት። እኔ አላጨበጨብሁም።

ለመሆኑ ሕዝቡ የሚስለው ምን ሆኖ ነው? የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ወደ 80 የሚደርሱ «መርዝና ማርከሻ» የተባሉ የፕሮቲን ጥንዶች አሉት፤ በሽታ የማያመጣው ዘመዱ ስሜግማቲስ ግን ያለው ጥቂት ብቻ ነው። ይህ ልዩነት አያስጠይቅምን? መርዙ እንደ እስረኛ፥ ማርከሻው እንደ ዘበኛ ነው። እስረኛው ብርቱ ነው፤ ዘበኛው ግን ቶሎ ይፈርሳልና ባክቴሪያው ሳያቋርጥ ምትክ መሥራት አለበት። ምትኩ በተጓደለ ጊዜ መርዙ ይፈታና የገዛ ባክቴሪያውን አር ኤን ኤ ይቆራርጣል፤ እድገቱም ይቆማል። መድኃኒቶቻችን ደግሞ በአብዛኛው የሚገድሉት የሚያድገውን ነው፤ የተኛውን ይስቱታል። ለብዙው ሕመምተኛ ስድስት ወር ሙሉ ክኒን የሚያስውጠው አንዱ ምክንያት ይህ እንቅልፍ ነው። ዋጋውን የሚከፍለው በእግሩ ጤና ጣቢያ የሚመላለሰው ገበሬ ነው እንጂ ፕሮቲኑ አይደለም!

እንቅልፉን የሚያመጣው በእርግጥ መርዙ ነውን? በ2011 እ.ኤ.አ. የዴንማርካዊው የኬን ጌርዴስ ቡድን ከኢ ኮላይ ባክቴሪያ አሥር ጥንዶችን ነቅሎ ቢያወጣ ከመድኃኒት የሚተርፉት እጅግ አነሱ፤ ስለዚህ «አዎን» ብሎ ጻፈ፤ ብዙዎችም ተቀበሉት። በ2017 ያው ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር መልሶ ሲመረምር ባክቴሪያዎቹ ሳይታወቅ ፋይ 80 በተባለ ቫይረስ ተበክለው ተገኙ። በ2018 ጽሑፉን ራሳቸው ሰረዙት። መሳሳታቸው አያሳፍርም፤ ማመናቸው ያስከብራቸዋል። የሚያሳፍረው የተሰረዘውን ነገር በቃሉ አጥንቶ ለፈተና የሚያቀርብ ተማሪ ነው፤ እንዲህ ያለውም በመካከላችን አለ።

ጥያቄው ገና ክፍት ነው። በኢ ኮላይ የተባለውም ለሳንባ ነቀርሳ ማስረጃ አይሆንም፤ በራሱ ላይ መፈተን አለበት። ታዲያ ከበሽታው ጋር የምንኖር እኛ ካልጠየቅን ማን ይጠይቅልን? እኛ ግን መርዝና ማርከሻን የምናውቀው በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ተሥሎ ነው፤ ቤተ ሙከራው ከቀትር በኋላ ይቆለፋል። ነቀርሳውን ስጡን አላልንም፤ እሱ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስሜግማቲስና የተከፈተ በር ይበቁናል።

የሕግ ተማሪው ወንድሜም ለአስተዳደሩ የምናቀርበውን አቤቱታ ቢያረቅልን፥ ያን ጊዜ እኔም አጨበጭብለታለሁ።