ወመዘክርን ለወንበሩ ብቻ?

በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመውን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የማያውቅ ተማሪ በመካከላችን የለም። ከለገሃር ሽቅብ በእግር ይደረሳል። የቀድሞ ስሙ «ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር» ነበር፤ እኛ ግን ቤተ መጻሕፍት የሚለውን ጥለን «ወመዘክር»ን ብቻ ይዘናል።

አካሄዳችንም እንደ አጠራራችን ሆነ። መጽሐፍ በሚመረቅበት ቀን አዳራሹን ሞልተን፥ አጨብጭበን እንመለሳለን። ፈተና ሲደርስ ደግሞ የራሳችንን ደብተር ይዘን እንገባና በወንበሩና በጸጥታው ተጠቅመን እንወጣለን። አንድ የቆየ ጋዜጣ አውጡልን ብለን የጠየቅን ስንቶቻችን ነን? በዚያ ቤት ካሉት ጽሑፎች 12ቱን ዩኔስኮ በ1997 እ.ኤ.አ. በዓለም መዝገብ አስፍሯቸዋል። ባዕድ ያከበረውን ባለቤቱ ሳያየው መቅረቱ ያሳፍራል።

ሌላም ነገር አለ። በ1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 179 በአገር ውስጥ ከሚታተም ጽሑፍ ቅጂ ለዚሁ ቤት እንዲሰጥ ያዛል። ይህች በማባዣ የምትወጣ ጋዜጣችን ግን ወር ሳይሞላት የቆሎ መጠቅለያ ትሆናለች። ከእኛ በፊት የነበሩ ተማሪዎች በ1960ዎቹ የጻፉት ዛሬ የሚነበበው ያስቀመጠው ሰው ስለ ተገኘ ነው።

ስለዚህ ማኅበራችን ከየእትሙ ቅጂ ወደ ወመዘክር ይላክ ዘንድ እንጠይቃለን። ክቡራን መምህራኖቻችንም ከሚሰጡን የጽሑፍ ሥራ አንዱን እንኳ መዛግብቱ ካልታዩ በቀር የማይሠራ ያድርጉልን። እኛም በሚቀጥለው ቅዳሜ ደብተራችንን ቤት ትተን እንሂድ።