ሬቲንግ የሌለው ትምህርት ቤት

ወገኖች፣ እዚህ ዲሲ አዲስ ትንሽ ቻርተር ትምህርት ቤት በተከፈተ ቁጥር ታክሲ ተራ ላይ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ሬቲንጉ ስንት ነው?» የለውማ! የመንግሥት ፈተና የሚጀምረው ከ3ኛ ክፍል ነው። በኬጂ የጀመረ ትምህርት ቤት ቁጥር እስኪያወጣ ማንበብ የለመደው ልጅ ለምዷል፣ ያልለመደውም ወደ ኋላ ቀርቷል።

ቁጥሩ ሲመጣም ተጠንቀቁ። 20 ልጆች ብቻ ከተፈተኑ፣ አንዱ በዚያ ቀን አሞት ቢወድቅ የአላፊው ድርሻ በ5 ነጥብ ወረደ ማለት ነው። መሐንዲስ በነበርኩበት ጊዜ በአንድ ኩብ ኮንክሪት ስለ ሕንፃ አንፈርድም ነበር።

እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ አስተማሪዎቹ ነው። ኦገስት ላይ ከጀመሩት ውስጥ ጁን ላይ ስንቱ አሉ? አስተማሪ በየሦስት ወሩ የሚቀያየር ከሆነ አዲሱ ቀለምና ታብሌቱ አያታላችሁ። ቀጥሎ ደብተር አሳዩኝ በሉ፤ አንድ ልጅ ሴፕቴምበር ላይ የጻፈውንና ጃንዋሪ ላይ የጻፈውን ጎን ለጎን። ስህተቱ ታርሟል ወይስ ስቲከር ተለጥፎበት ታልፏል? (የኛ ሰው ይህን መጠየቅ ያፍራል፤ መኪና ሲገዛ ግን ኮፈን ሳያስከፍት አይከፍልም።)

ደግሞ በጀታቸው በተማሪ ቁጥር ነው የሚመጣው። ስንት ልጅ ጠብቀው ስንት እንደተመዘገበ ጠይቁ። ፈቃዱ የ15 ዓመት ቢሆንም በየ5 ዓመቱ ይገመገማል፤ ሊዘጋም ይችላል።

«የሀበሻ ልጆች አሉበት» ስለተባለ ብቻ ሎተሪው ላይ አንደኛ አታድርጉት። ዳይሬክተሩ በጥያቄያችሁ ከተቆጣ፣ ቅጹ 12 ምርጫ ይፈቅዳል፤ ሌላ ጻፉ።